«ማርገዝ ይችላሉ?» በአክስት ፊት የማይመለሰው ጥያቄ

ዴንተን፣ ቴክሳስ፦ ከዚህ ከምንኖርባት ከተማ እስከ ዳላስ ባሉ የሕክምና ተቋማት በአዲስ መድኃኒት ሙከራ ለመሳተፍ የምትመዘገብ ሴት ማርገዝ ትችል እንደሆነ ትጠየቃለች። የምትችል ከሆነች የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ ብዙ ጊዜም ሙከራው እስኪያልቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ለወራት፣ መከላከያ እንደምትጠቀም ትስማማለች። ወንዶችም ኮንዶም እንዲጠቀሙ የሚጠየቁበት ጊዜ አለ።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን የተሸጠው ታሊዶማይድ በተለያዩ አገሮች ከ10 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሕፃናትን ጎድቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1977 ማርገዝ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች እንዲገለሉ መመሪያ አወጣ። ይህም በተራው ሌላ ጉዳት አመጣ፤ መድኃኒት በሴት ገላ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቂ ዕውቀት ሳይኖር ሴቶች ይወስዱት ጀመር። በ1993 መመሪያው ተቀየረ።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚበረታውን ካላ አዛር ለማከም ጎንደር ጭምር የተሞከረው ሚልቴፎሲን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒቱ መግለጫ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለ5 ወራት መከላከያ መጠቀም እንደሚያስፈልግ ይናገራል።

እኛን የሚያሳስበን ሕጉ ሳይሆን አጠያየቁ ነው። እንግሊዝኛ ያልጠናላት፣ ያላገባች እህታችን አክስቷን አስተርጓሚ አድርጋ ብትቀርብ እውነቱን ትናገራለች? ባህላችንን የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ትፈርማለች። ብታረግዝ ግን አደጋው ከእሷ አልፎ ለፅንሱ ይተርፋል። ቴክሳስ ደግሞ ከነሐሴ 2022 ወዲህ የእናቲቱን ሕይወት ወይም አካል ለብርቱ አደጋ የሚያጋልጥ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ፅንስ ማቋረጥን ከልክላለች፤ የፅንሱ መጎዳት ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

የፌዴራሉ ደንብ ተሳታፊዋ በሚገባት ቋንቋ እንዲነገራት ያዛል። ስለዚህ እህቶቻችን ሆይ፣ ሳትፈርሙ ባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ዘመድ ውጭ ይቆይ። የምርመራውን ውጤት ማን እንደሚያየው፣ የትኛው መከላከያ እንደሚፈቀድ፣ ከወንድ መታቀብ ይበቃ እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አጣሩ። በማንኛውም ጊዜ መውጣት መብታችሁ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ግን መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ጠይቁ።

አክስቶችም ብትሆኑ «እኔ ልውጣ» ማለትን ልመዱ። ያቺ አንዲት ቃል ሕፃን ልታድን ትችላለች።

ቸር ያሰንብተን።