“ዘ ሲንግልስ”፦ የጄምስ ብራውን ሸክላዎች በ11 ቅጽ

የጄምስ ብራውንን ስም የማያውቅ ሙዚቃ ወዳድ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀው ግን ባብዛኛው የተመረጡትን ዝነኛ ዘፈኖቹን ብቻ ነው። “ዘ ሲንግልስ” የተሰኘው ስብስብ ምርጫ ውስጥ አልገባም። ሂፕ-ኦ ሴሌክት የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 በ11 ቅጽ አወጣው፤ እያንዳንዱ ቅጽ ሁለት ሲዲ አለው። ድምፃዊው ከ1956 እስከ 1981 ያሳተማቸው ነጠላ ሸክላዎች፣ ከነጀርባቸው፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ተሰልፈውበታል። ማብራሪያ ከጻፉለት ሰዎች አንዱ አለን ሊድስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብራውንን የሙዚቃ ጉዞዎች ያስተባብር ነበር።

ቅደም ተከተሉ ሽንፈትንም አይደብቅም። “ፕሊዝ፣ ፕሊዝ፣ ፕሊዝ” በ1956 ሲወጣ ተወደደ። የአሳታሚው የኪንግ ሬኮርድስ ባለቤት ሲድ ናታን ግን ዘፈኑን ከመነሻው ንቆት ነበር፤ ተከታዮቹ ሸክላዎችም ገበያ አላገኙም። ብራውንን ከመረሳት ያዳነው በ1958 የወጣውና በአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው “ትራይ ሚ” ነው።

ሸክላው ራሱም ዘፈኑን ቀርጾታል። ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጿ የምትይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በ1965 በሻርለት ከተማ የተቀረጸው “ፓፓስ ጎት አ ብራንድ ኒው ባግ” ሰባት ደቂቃ ገደማ ነበር። ቴፑን አፍጥነው፣ ዘፈኑን ለሁለት ከፍለው “ክፍል 1” እና “ክፍል 2” ብለው አወጡት። በፊተኛው ገጽ ድምፃዊው ይነግሣል፤ ገልበጥ ሲደረግ ባንዱ ይለቀቃል።

ፈንክ የተባለው የሙዚቃ ስልት እየተወለደ ሲሄድ የሚሰማውም እዚሁ ላይ ነው። ብራውን ጉልበቱን በመጀመሪያው ምት ላይ አሳረፈ፤ ጊታሩንና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን እንደ ከበሮ አስመታቸው። በ1967 በወጣው “ኮልድ ስዌት” ላይ የኮርድ ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ዘፈኑን የሚያስኬደው ምቱ ነው። በ1970 የወጣው “ፈንኪ ድራመር” ደግሞ እስከ 1986 ድረስ በአልበም ሳይካተት በነጠላ ሸክላነቱ ብቻ ኖረ። ክላይድ ስተብልፊልድ እዚያ ላይ የመታውን ድራም የሂፕ ሆፕ ሠሪዎች እየቆረጡ በብዙ ሥራዎች ተጠቅመውበታል፤ ድራመሩ ግን በዘፈኑ ደራሲነት ስላልተመዘገበ ከዚያ ገቢ ድርሻ አላገኘም።

የዚህ ሙዚቃ ሞገድ አዲስ አበባም ደርሷል። “የአቢሲኒያው ጄምስ ብራውን” የተባለው ዓለማየሁ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ድምፁን ያስቀረጸው በእነዚሁ ትናንሽ ሸክላዎች ነበር።

ስብስቡ እንከን የለሽ አይደለም። የዲስኮ ዘመን የመጨረሻ ቅጾች ከቀደሙት ይደክማሉ። ሁሉንም ማዳመጥ የማይችል ሰው ከ1964–1965ቱ 3ኛ ቅጽ ይጀምርና ወደ 1969–1970ው 6ኛ ቅጽ ይሻገር፤ ጀርባዎቹን ግን እንዳይዘል። የዝነኛ ዘፈኖች መድበል ብራውን የደረሰበትን ከፍታ ያሰማል፤ እንዴት እንደደረሰበት የሚያሰማው ይህ ስብስብ ነው።