የእሬት ችግኝ ነጋዴን የሚያከስረው ውኃ ነው

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማና በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እሬትና ቁልቋል አባዝቶ ለመሸጥ ላሰበ ሰው ካፒታሉ የሚፈተነው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ተክሎቹ ውኃ በወፍራም ቅጠላቸውና በግንዳቸው ስለሚያጠራቅሙ ጥም ቶሎ አይገድላቸውም። የሚገድላቸው ሥራቸው አየር አጥቶ መበስበሱ ነው። ችግሩ ደግሞ ከላይ አይታይም፤ ቅጠሉ ሲልም ሥሩ ካለቀ ሰንብቷል።

የኪሳራው መነሻ ብዙውን ጊዜ «አፈር በነፃ ነው» የሚለው ሂሳብ ነው። በደቡብ ወሎ ሜዳማ ቦታዎች የሚገኘው ዋልካ ለሽምብራና ለጓያ የተመቸ ቢሆንም፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃም አያሳልፍም። ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ጣል ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ አሸዋው በጭቃው ውስጥ ተውጦ ድብልቁ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

የተሻለው ድብልቅ ሁለት ጣሳ ጠጠር፣ አንድ ጣሳ ቀይ አፈርና ግማሽ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ነው። ጠጠሩ ከሽምብራ ፍሬ ያልበለጠ፣ ዱቄቱም በወንፊት ተነፍቶ የወጣለት መሆን አለበት። ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ባለቀዳዳ በመሆኑ ይመረጣል። ነገር ግን ከቢሾፍቱ አካባቢ ድረስ ማስጫን ለአነስተኛ ነጋዴ አያዋጣም። ከግንባታ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ጠጠር ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጉድለቱ ክብደቱ ነው፣ ችግኙ ወደ ደሴ ሲጫን ይታወቃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር በመቀላቀል ፈንታ ከዕቃው ሥር ያነጥፉታል። ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከድንበሩ ላይ ይቆማል፣ እርጥበቱም ወደ ሥሩ ይቀርባል።

ዕቃው የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ቢሆንም ይበቃል፤ ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ መበሳት አለበት። ድብልቁን አንዴ በደንብ አርሶ እንደገና ውኃ ሲጨመርበት፣ ውኃው ከላይ ሳይኳትት በሴኮንዶች ውስጥ ከሥር መንጠብጠብ ይኖርበታል። ካልሆነ ጠጠር ይጨመራል። ከእናቱ የተነጠለው እሬትም ወዲያው አይተከልም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ይቆያል።