ሶፍትዌር ሙከራ ላይ መሆኑን በምን ያውቃል?

በኖቬምበር 2010 (እ.ኤ.አ.) ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት የጊትሃብ አገልግሎት የሙከራ ፕሮግራም በስሕተት ከእውነተኛው ዳታቤዝ ጋር ተገናኘ። ሙከራ ሲጀመር የቆየውን ዳታቤዝ አጥፍቶ ባዶ መፍጠር የተለመደ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙም ይህንኑ አደረገ። ከመጠባበቂያ ቅጂ መረጃው እስኪመለስ ድረስ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ጥፋቱ የመጣው ከኮንፊገሬሽን ነበር።

ለሙከራም ለሥራም የሚውለው ኮድ አንድ ነው። የሚለያየው ዳታቤዙ፣ የኢሜይል ሰርቨሩና የክፍያ ቁልፉ ነው። ሶፍትዌሩ የትኛውን እንደሚይዝ የሚወሰነው በተለያየ መንገድ ነው።

ቀዳሚው በግልጽ መንገር ነው። ሬይልስ የተባለው ፍሬምወርክ ልማት፣ ሙከራና ምርት የሚሉ ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ፣ በየትኛው እንዳለ ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከሚሠራበት አካባቢ ከሚያገኘው ዋጋ) ያነባል። የጃቫስክሪፕቱ የሙከራ መሣሪያ ጄስትም የራሱ ተመሳሳይ ቫሪያብል አለው፤ ማንም አስቀድሞ ካልሞላው «ሙከራ» በሚል ዋጋ ራሱ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ዱካ መፈለግ ነው። የፓይተኑ የሙከራ መሣሪያ ፓይቴስት እያሄደ ያለውን ሙከራ ስም በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ያስቀምጣል። የጎ ቋንቋ ፕሮግራመሮች የሙከራ ምልክቶችን በተዘዋዋሪ ሲያስሱ ኖረው፣ በ2023 በወጣው 1.21 እትም ቀጥተኛ መጠየቂያ አገኙ። ዱካ ግን ሊያሳስት ይችላል። ሥራን በአውቶማቲክ የሚያካሂዱት ጊትሃብ አክሽንስና ጊትላብ «ሲአይ» የሚለውን ቫሪያብል ይሞላሉ፤ ያው አውቶማቲክ ሂደት ግን ሶፍትዌሩን ወደ እውነተኛው ሰርቨር ለማሰማራትም ያገለግላል። ስለዚህ ቫሪያብሉ ሥራው በአውቶማቲክ መካሄዱን እንጂ ሙከራ መሆኑን አያረጋግጥም።

ሦስተኛው መንገድ ጥያቄውን ከፕሮግራሙ ላይ ያነሳል። የፓይተኑ ፍሬምወርክ ጃንጎ ሙከራ ሲያሄድ ለብቻው የሆነ ዳታቤዝ ይፈጥራል፤ የሚላኩ ኢሜይሎችንም ወደ ውጭ ሳይለቅ በሜሞሪ ይይዛቸዋል። ኮዱ የት እንዳለ ሳይጠይቅ አካባቢው ይቀየርለታል። የሩስት ቋንቋ ደግሞ የሙከራውን ክፍል የሚያካትተው ሙከራው ሲጠናቀር ብቻ ነው፤ ለተጠቃሚ በሚወጣው ፕሮግራም ውስጥ አይገባም።

አራተኛው ምልክቱን በራሱ በዳታቤዙ ወይም በቁልፉ ላይ ማኖር ነው። በ2016 የወጣው ሬይልስ 5 የዳታቤዙን ሁኔታ በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘግባል፤ የምርት ዳታቤዝ እንዲጠፋ ሲታዘዝም እንቢ ይላል። የክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕም የሙከራና የእውነተኛ ክፍያ ቁልፎችን ከመነሻቸው በስም ይለያቸዋል።

ሙከራን መለየቱ ለማጭበርበርም ይውላል። በሴፕቴምበር 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዳስታወቀው፣ የቮልስዋገን ናፍጣ መኪኖች ሶፍትዌር ከመሪው አቀማመጥ፣ ከፍጥነቱ፣ ሞተሩ ከሠራበት ጊዜና ከአየር ግፊት በመነሳት ምርመራ ላይ መሆኑን ይለይ ነበር። ያኔ ጭሱን ይቆጣጠራል፤ መንገድ ላይ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቃል። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበራቸው።

ተንኮል ባይኖርም ችግሩ አይቀርም። በኮዱ መካከል «ሙከራ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል መስመር በገባ ቁጥር፣ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ሌላው ቅርንጫፍ ሳይሞከር ያልፋል። ስለዚህ መለየቱ ፕሮግራሙ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይወስን እንጂ ምን እንደሚያደርግ አይወስን። ምልክቱ ሲጠፋም ግምት አያዋጣም፤ ፕሮግራሙ ሥራውን አቁሞ ይጠይቅ።