ዘፈኑ የሁላችን፣ ዕዳው የዘፋኙ!

ስልክህ ውስጥ ስንት ዘፈን አለ? አንቺስ ስንት አለሽ? ሁለት መቶ? አምስት መቶ? ከዚያ ሁሉ ውስጥ ብር አውጥታችሁ የገዛችሁት ስንቱን ነው? ከፉሪ እስከ ፒያሳ ይህን ብትጠይቁ ከመልሱ በፊት ሳቅ ነው የሚቀድመው። «ዘፈን ደግሞ ይገዛል እንዴ? ቴሌግራም ላይ ሞልቶ!» ይባላል።

«ሰርቀሃል» ብትሉት ደግሞ ይቆጣል። «ከጓደኛዬ ተቀበልኩ እንጂ የማንም ኪስ አልገባሁም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ኪስ አልገባም። ግን ያ ዘፈን ሲሠራ ከሆነ ሰው ኪስ ብዙ ብር ወጥቷል። ያ ሰው ብሩን ከየት ይመልሰው?

የፉሪው ልጅ ሒሳብ

እስቲ አንድ ልጅ እናስብ። ፉሪ ተራራው ግርጌ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል እንበል። ቀን ቀን ያገኘውን ይሠራል፣ ማታ ማታ ክለብ ይዘፍናል። ከከተማው ማዶ ሌሊት ሲመለስ ታክሲ የለም፤ ካገኘው ላይ ሲሶው ለመኪና ይሄዳል። ሆኖም ሁለት ዓመት ቆጥቦ አንድ ነጠላ ዜማ ሊያወጣ ተነሳ። ለግጥም ከፈለ፣ ለዜማ ከፈለ፣ ለቅንብር ከፈለ፣ ለሚክሲንግና ለማስተሪንግ ከፈለ። ክሊፕ ሲመጣ ተበደረ።

ዘፈኑ ሐሙስ ወጣ። ዓርብ ጠዋት በአሥር የቴሌግራም ቻናል ላይ ተጭኖ አደረ። ቻናሎቹ ተከታይ አላቸው፣ በተከታያቸው ብዛት ማስታወቂያ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ከጀሞ የተነሳው ሚኒባስ ዘፈኑን ለቆት ተሳፋሪው አንገቱን ይወዘውዛል። ልጃችን ኋላ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ዘፈን እየሰማ «ሒሳብ!» ሲባል ይከፍላል። ይሳቅ ወይስ ያልቅስ?

ልጁ የምሳሌ ልጅ ነው። ሒሳቡ ግን የስንቱ ጀማሪ ሒሳብ እንደሆነ ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ሙዚቀኛው ሁሉ አንድ ቋንቋ አይናገርም

ብዙዎቻችን ሙዚቀኛ ሁሉ መገልበጥን የሚጠላ ይመስለናል። አይደለም። ሦስት ጎራ አለ።

የመጀመሪያው ጎራ «ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም» ይላል። እዚህ ጎራ ውስጥ በብዛት የምታገኙት በካሴትና በሲዲ ዘመን አልበም ሸጦ ያየውን ነው። አንድ አልበም ለሙዚቃ ቤት ሲሸጥ የሚገኘው ብር የዓመት ቀለብ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳል። ያ ብር የቀረው ሕዝቡ ሙዚቃ ስለጠላ አይደለም። ሕዝቡ ከመቼውም በላይ ይሰማል፣ ሳይከፍል ነው እንጂ!

ሁለተኛው ጎራ «ይሰራጭልኝ!» ባይ ነው። በተለይ ስሙ ገና ያልታወቀ ወጣት፣ ዘፈኑን የሚገለብጥለት ሰው ሲያገኝ ይመርቀዋል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ ዘፈኑ ካልተሰማ ሠርግ አይጠራም፣ ክለብ አይቀጠርም፣ ኮንሰርት አይታሰብም። ለሱ የተገለበጠው ዘፈን ያልከፈለበት ማስታወቂያ ነው። ሞኝ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት።

ሦስተኛውን ጎራ ግን ማንም አያነሳውም። ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ናቸው። ዘፋኙ በነፃ የተሰራጨለትን ዝና መድረክ ላይ ወጥቶ ይመነዝረዋል። ገጣሚው የት ይወጣል? ሠርግ ላይ ግጥም ጻፍልን ብሎ የሚጠራው የለም። የሱ እንጀራ ያለው ዘፈኑ ሲሸጥና ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ድርሻው ሲታሰብለት ነው። እንግዲህ «ዘፋኙ በኮንሰርት ያገኘዋል» ስንል የምንረሳው ከጀርባ ያለውን ሰው ነው።

ነገሩ በቴሌግራም አልተጀመረም

ዘፈን መገልበጥ የዛሬ ልጆች አመል ብቻ ነው የሚሉ ታላላቆች ትንሽ ይታገሱን። በሸክላ ዘመን ቤት ውስጥ ሸክላ ማተም የሚችል ስላልነበረ መገልበጥ አስቸጋሪ ነበር። አምሐ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በፈረንጆቹ 1969 ነው። ያኔ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም በ1940 ዓ.ም. በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ሥራ ነበር። ወጣቱ አምሐ ያንን ደፍሮ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። ሕግ ጥሷል? አዎን! ግን የጣሰው የአንድ ድርጅትን ብቸኛ መብት ነው እንጂ ሌላ ሰው የደከመበትን ዘፈን አልገለበጠም። ልዩነቱ ይያዝልን።

ከዚያ ካሴት መጣ፤ ባለሁለት ካሴት ቴፕም ተከተለው። አንዱን ማጫወቻው ላይ፣ ባዶውን መቅጃው ላይ አድርጎ ቁልፉን መጫን ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ገለበጠ። ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬው ጋር የተገለበጠ ካሴት ይዞ ሄደ። በሲዲ ጊዜ ደግሞ አዟሪው መቶ ምናምን ዘፈን በአንድ ኤምፒስሪ ዲስክ አጭቆ በጥቂት ብር አዞረ። ቀጥሎ «ፍላሽ እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ በየሰፈሩ ፈላ። ቴሌግራም የመጣው ሁሉም ነገር ከተለመደ በኋላ ነው።

እውነት ለመናገር መገልበጥ ያተረፈው ነገርም አለ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምንሰማቸው ስንት የድሮ ዘፈኖች ከአንድ ሰው ቤት ከተገኘ አሮጌ ካሴት የተቀዱ ናቸው። የዜማው ባለቤት ምን አገኘ ካላችሁ ግን መልሱ ያው ነው።

ፈረንጆቹም አልቀረላቸውም። በ1999 እ.ኤ.አ. ናፕስተር የሚባል፣ ሰው ከሰው ዘፈን የሚለዋወጥበት መንገድ ተፈጠረ። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ በ2000 ፍርድ ቤት ገተረው፣ ከ300 ሺህ በላይ የተጠቃሚ ስሞችንም አቀረበበት። አድናቂዎቹ ራሳቸው «በኛ ላይ?» ብለው ተቆጡ። ናፕስተር በ2001 ተዘጋ፣ መለዋወጡ ግን አልቆመም። ሬዲዮሄድ የተባለው ባንድ ደግሞ በ2007 አልበሙን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» አለ። ሁለቱም ባንዶች ሀብታምና ዝነኛ ነበሩ፣ መንገዳቸው ግን ተለያየ።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የድርሰትና የኪነ ጥበብ መብት ተጠቅሷል። ራሱን የቻለ ሕግ የመጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ የደነገገው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። ቀልድ አይደለም!

በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ አንድ ሰው የወጣን ሥራ ለግሉ ብቻ አንድ ቅጂ ቢገለብጥ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ለራስ ጆሮ መገልበጥና ቻናል ከፍቶ ለሺዎች መበተን እኩል አይታዩም ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ ቁጥር 872/2007፣ ባለመብቶች ተሰባስበው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስብ ማኅበር እንዲያቋቁሙ መንገድ ከፈተ። ነገር ግን ሕግ ወረቀት ላይ ነው፤ ቻናሉ በአንድ ሌሊት ስሙን ቀይሮ ይመለሳል።

ሙዚቀኞች በራሳቸው የሞከሩትም አለ። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይለየሱስ ግርማና ዳዊት ንጉሤ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለ፣ ዘፈን በስልክ የሚገዛበት መተግበሪያ ይዘው ብቅ አሉ። ለቅጂ መብት ሲሟገት የኖረው ኤልያስ በመስከረም 2012 አረፈ። ሐሳቡ ግን ቀላል ነበር፤ ሕዝቡን ከመርገም፣ መግዛትን ከመገልበጥ የቀለለ ማድረግ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች

አሁን ደግሞ ወደ ሙዚቀኛው እንዙር። «ዘፈኔ ተሰረቀ» ብሎ የሚያማርር ስንት ድምፃዊ ነው የታላላቆቹን ዘፈን ያለፈቃድ ደግሞ ዘፍኖ ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው? የገጣሚውን ስም እንኳ አይጽፍም! በሕጉ የደራሲው ስም መጠቀስ ራሱ መብት ነው። አድማጩን «ክፈል» ከማለታችን በፊት እርስ በርስ እንከባበር።

ምክራችን

ለጀማሪ ሙዚቀኛ፦ ከገጣሚና ከዜማ ደራሲ ጋር በወረቀት ተዋዋሉ፤ «ወንድሜ ነው» የሚባል ውል የለም። የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ጻፉ። ረቂቁንና የተቀዳበትን ቀን አስቀምጡ። የመብታችሁ ጥበቃ የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፣ ማስረጃ ከሌለ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ዘፈን እንደ ሽንኩርት ዛሬ ካልተሸጠ ነገ የሚበላሽ ሸቀጥ አይደለም። የሙላቱ አስታጥቄ የቆዩ ሥራዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰምተዋል። የደራሲ መብትም ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። በችኮላ የፈረማችሁት ወረቀት ልጆቻችሁን ይነካል።

ማሰራጨት ከፈለጋችሁም ራሳችሁ አሰራጩ። በገዛ ቻናላችሁ፣ በገዛ ስማችሁ፣ የገጣሚውንና የአቀናባሪውን ስም ጽፋችሁ ልቀቁት። ፈቅዶ መስጠትና መነጠቅ ለየቅል ናቸው።

ለአድማጭ፦ ሁሉንም ግዛ አንልህም፤ የታክሲ ብር እንደሚቸግርህ እናውቃለን። ግን በወር አንድ የምትወደውን ዘፈን ግዛ። የቀረውን ከባለቤቱ ቻናል ስማ፣ ቁጥሩ ለሱ ይቆጠርለት። ሳይወጣ ያፈተለከ አልበም ሲደርስሽ ለሌላ አታስተላልፊ። ለጓደኛሽ ፋይሉን ከመላክ ሊንኩን ላኪላት፤ ላንቺ ልፋቱ እኩል ነው፣ ለልጁ ግን የቤት ኪራይ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዘፈን የማሠራትን ዕዳ አንድ የፉሪ ልጅ ብቻውን ከሚሸከመው፣ ሃምሳ ሺህ አድማጭ በሳንቲም ቢካፈለው ማን ይጎዳል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?