ስለ መወጣጫ መሣሪያ አጠቃቀምና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ሽቅብ መውጣት ልብንና ሳንባን ቶሎ ከሚያሠሩት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። በሜዳ ላይ የሚራመድ ሰው ክብደቱን ወደ ፊት ያንቀሳቅሳል፤ ዳገት ወይም ደረጃ የሚወጣ ሰው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ሙሉ ክብደቱን ወደ ላይ ያነሣል። ስለዚህም ሦስት ፎቅ ደረጃ የወጣ ጤነኛ ሰው እንኳ ትንፋሹ ፈጠን፥ የልቡም ትርታ በርከት ይላል። ይህ ድካም በልክ ሲሆን ለጤና ይረዳል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን የአደጋ መነሻ ይሆናል።

ዛሬ በአንዳንድ ሆቴሎችና የስፖርት ቤቶች፥ አልፎ አልፎም በግል መኖሪያ ውስጥ፥ የመውጣትን ሥራ በአንድ ስፍራ ቆሞ ለመፈጸም የሚያስችል መሣሪያ ይገኛል። ብዙ ሰው ያለ አሠልጣኝ በገዛ ፈቃዱ ስለሚጀምረው፥ አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን እስኪዝል ወጥቶ በማግሥቱ ጉልበቱን ታሞ ይተወዋል፤ ሌላውም የተደበቀ የልብ ሕመም እንዳለበት ሳያውቅ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ የመሣሪያውን አሠራር፥ ጥቅሙንና ጥንቃቄውን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው አሠራር

መሣሪያው ጥቂት ዘንበል ያለ የብረት ምሰሶ፥ ሁለት የእግር መርገጫዎችና ሁለት የእጅ መያዣዎች አሉት። አንዱ መርገጫ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ መያዣዎቹም እንዲሁ ተራ በተራ ከፍና ዝቅ ይላሉ። የሚሠራበት ሰው መሰላል የሚወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቆመበት ስፍራ አይርቅም። በዚህ ሥራ ጭን፥ መቀመጫ፥ ባት፥ ጀርባ፥ ትከሻና ክንድ ሁሉም ይካፈላሉ። ቨርሳክላይምበር እንደሚባለው ያለው ዐይነት ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአሜሪካ አገር እየታወቀ መጥቷል።

እግር ከመርገጫው ስለማይለይ እንደ ሩጫ መሬትን የመምታት ጫና የለበትም። ይሁን እንጂ ጉልበት ደጋግሞ ስለሚታጠፍ፥ በሎሚው ዙሪያ ሕመም ላለበት ሰው ከሜዳ እርምጃ ይልቅ ሊከብደው ይችላል።

ሽቅብ መውጣት ሁልጊዜ ለጤና ሲባል የተፈጸመ ሥራ አይደለም። በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለወኅኒ ቤት ትልቅ ባለ ደረጃ መንኰራኵር አቀደ። እስረኞቹ መንኰራኵሩ ከእግራቸው በታች በዞረ ቍጥር ወደሚቀጥለው ደረጃ መውጣት ግዴታቸው ነበር። ሥራው በቀን ለብዙ ሰዓት የሚፈጸም ቅጣት ሲሆን፥ በ1898 ከወጣው የወኅኒ ቤቶች ሕግ በኋላ በእንግሊዝ አገር ቀረ። አንዱ ዐይነት እንቅስቃሴ ለእስረኛው መከራ፥ ለዛሬው ሰው ደግሞ የጤና መጠበቂያ የሆነበት ምክንያት ልኩ ነው። ማረፍ የሚችል፥ መጠኑን የሚያውቅና በየጊዜው በጥቂት የሚጨምር ሰው ይጠቀማል፤ ራሱን እንደ እስረኛ የሚያስገድድ ግን ይጎዳል።

ለጤና የሚሰጠው ጥቅም

ጄረሚ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳ ነበር፤ ቲኬት ቆራጩ ግን በየቀኑ በመቶ የሚቈጠሩ ደረጃዎችን ይወጣና ይወርድ ነበር። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ እየሠሩ፥ በልብ ደም ሥር ሕመም የሚያዙት ቲኬት ቆራጮች ከሾፌሮቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መርምረው፥ ሾፌሮቹ ሥራ ሲጀምሩም ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደ ነበር ገለጹ፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከደረጃው የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ብዙ ጥናቶች የሚንቀሳቀስ ሰው ከሚቀመጠው ይልቅ በልብ ሕመምና በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ያነሰ መሆኑን አረጋግጠዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። በመወጣጫ መሣሪያ መሥራት ለአብዛኛው ሰው ከጠንካራው ክፍል ስለሚቈጠር በጥቂት ጊዜ ብዙ ጥቅም ይሰጣል።

ክብደት ለመቀነስ ብቻ ብሎ የሚጀምር ሰው ግን ይህን ሒሳብ ይመልከት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ሜትር ከፍታ፥ ማለትም ከ30 ፎቅ የሚበልጥ ደረጃ ቢወጣ የሚያቃጥለው ኀይል ከ65 እስከ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ይህንንም አንድ ስስ ቍራጭ ዳቦ ይመልሰዋል። ስለዚህ ክብደት በዋናነት የሚስተካከለው በማዕድ ላይ ነው፤ መውጣት በተለይ የሚጠቅመው ልብን፥ ሳንባን፥ የደም ሥርንና ጡንቻን ለማበርታት ነው።

ከመጀመር በፊት መመርመር የሚገባቸው ሰዎች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሰዎች በመሣሪያው ከመሥራታቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል።

1ኛ፤ የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ ወይም አስም ያለባቸው፤
2ኛ፤ ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚጫናቸው፥ ራሳቸውን የሚያዞራቸው ወይም ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ፤
3ኛ፤ ለብዙ ዓመታት ሳይንቀሳቀሱ ቆይተው በጎልማሳነታቸው ጠንካራ እንቅስቃሴ ለመጀመር ያሰቡ፥ ይልቁንም ትምባሆ የሚያጨሱ፤
4ኛ፤ ነፍሰ ጡር የሆኑ ሴቶች፤
5ኛ፤ የጉልበት፥ የዳሌ ወይም የወገብ ሕመም ያለባቸው።

ትኩሳት ወይም ሌላ ተላላፊ ሕመም የያዘው ሰው ደግሞ እስኪድን ድረስ ይታገሥ።

ትክክለኛው አወጣጥ

1ኛ፤ ከመውጣት በፊት የመሣሪያው እግር በደልዳላ ወለል ላይ መቆሙንና ብሎኖቹ መጥበቃቸውን መመልከት ያስፈልጋል። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ማድረግ፥ የተንዘረፈፈ ነጠላ፥ ሻሽ ወይም ክር ያለው ልብስ አለመልበስ ይገባል። ሕፃናት ጣታቸውን በሚንቀሳቀሰው ብረት መካከል እንዳያስገቡ ከመሣሪያው ይራቁ።

2ኛ፤ በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያህል በመራመድ ሰውነትን ማሟሟቅ ይገባል። ከዚያም መያዣውን ይዞ አንዱን እግር፥ ቀጥሎም ሌላውን በመርገጫው ላይ ማስቀመጥ ነው። የእግር ማሰሪያ ካለው በደንብ ይታሰር።

3ኛ፤ ጀርባ ቀጥ፥ ዐይን ወደ ፊት ይሁን። ወገብን አጉብጦ በመያዣው ላይ መንጠልጠል ክብደቱን ከእግር ወደ ክንድና ወደ ወገብ ያዛውራል። እግር ይግፋ፥ እጅ ያግዝ። መያዣውን ጨምድዶ መያዝም ክንድን ያዝላል።

4ኛ፤ መርገጫውን በመላው ውስጥ እግር መግፋት፥ ጉልበትንም በእግር ጣቶች አቅጣጫ ማጠፍ ይገባል። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይዘም፥ ሲዘረጋም እስከ መጨረሻው በኀይል እንዳይወጠር መጠንቀቅ ነው።

5ኛ፤ አጫጭር እርምጃ ይቅደም፤ ረጅሙ እርምጃ ሰውነት ከለመደ በኋላ ይደርሳል።

6ኛ፤ ትንፋሽን ማፈን የደም ግፊትን በድንገት ስለሚያስነሣ፥ ሳያቋርጡ መተንፈስ የግድ ነው።

7ኛ፤ ሲጨርሱ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ መቆም አይገባም። የእግር ጡንቻ ሲሠራ ደምን ወደ ልብ ይገፋል፤ በድንገት ሲቆም ግን ደሙ በእግር ውስጥ ስለሚጠራቀም ራስን ሊያዞርና ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ዝግ ብሎ ከወጡ በኋላ መውረድ፥ ከዚያም ጥቂት መራመድ ይሻላል።

8ኛ፤ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ስፍራ መያዣውን ከሥራ በፊትና በኋላ መጥረግ፥ የራስንም ፎጣ መያዝ፥ ኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ የጤና ደንብ ነው።

ልክን ማወቂያ መንገድ

የሥራው ልክ ከሁሉ በቀለለ መንገድ በንግግር ይታወቃል። እየወጣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር የሚችል፥ መዝፈን ግን የማይችል ሰው በመካከለኛው ልክ ላይ ነው። ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሹ የሚቋረጥ ወደ ጠንካራው ደርሷል። አንድ ቃል እንኳ ማውጣት ያቃተው ሰው ፍጥነቱን ወዲያው ይቀንስ።

ሁለተኛው መንገድ የደም ሥርን ትርታ መቍጠር ነው። ሥራውን ዝግ አድርጎ፥ በእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል ሁለት ጣት አሳርፎ ለ15 ሰኮንድ መቍጠርና በ4 ማባዛት ነው። በግምት የልብ ከፍተኛ ትርታ ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ የሚገኘው ቍጥር ነው። የ40 ዓመት ሰው ከፍተኛ ትርታ 180 ያህል ሲሆን፥ መካከለኛ ሥራ የሚባለው የዚህ ግማሽ እስከ ሰባ በመቶ፥ ማለትም ከ90 እስከ 126 ነው። ይህ ግምት ለሁሉ ሰው እኩል አይሠራም። በተለይም የልብን ትርታ የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቍጥሩ ሊሳሳት ስለሚችል በንግግሩ መንገድ ይመራ።

ከፍታም ይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለሆነች፥ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ነዋሪው ሰውነቱ ለምዶታል፤ ከቈላ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልማዱ ያነሰ ቢሠራ ይበጀዋል።

ቀስ በቀስ መጨመር

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየመካከሉ አንድ ቀን እያረፈ ይሥራ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ደቂቃ ወጥቶ አንድ ደቂቃ ማረፍን አምስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ወጥቶ አንድ ደቂቃ ማረፍ፥ ከዚያም ዕረፍቱን እያሳጠሩ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ወደ 20 ደቂቃ መድረስ ይቻላል። መጀመሪያ ጊዜው፥ ቀጥሎ ፍጥነቱ፥ በመጨረሻ የመሣሪያው ክብደት ይጨመር፤ ሦስቱን ባንድነት መጨመር አይገባም። በማግሥቱ የሚሰማ ቀላል የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው፤ የመገጣጠሚያ እብጠት ግን የማቆም ምልክት ነው።

ምግብ ከበሉ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል መቆየት፥ ውሃም መጠጣት ያስፈልጋል። በጾም ወራት እስከ ከሰዓት በኋላ እህልና ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ሥራውን ያቅልል፥ ወይም በልቶ ካረፈ በኋላ ያድርገው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ ቢወጣ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ወዲያው ማቆም የሚያስገድዱ ምልክቶች

ደረትን መጫን ወይም መውጋት፥ ወደ ክንድ፥ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፥ ያለ ልክ የሆነ የትንፋሽ ማጠር፥ የልብ ትርታ መዛባት፥ ቀዝቃዛ ላብ፥ ራስ ማዞር ወይም የዐይን መጨለም ከታየ ወዲያው ወርዶ መቀመጥ ያስፈልጋል። የደረቱ ሕመም ዐርፈው ካልተወ ሳይዘገዩ ሰው ጠርቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። «ጨጓራዬ ነው፥ ይተወኛል» ብሎ መጠበቅ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ለመምህራን የሚገባ ማሳሰቢያ

መውጣት የተደበቀ ሕመምን ይገልጣል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ በሮች ሕመም የሚጀምረው በልጅነት ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፥ በአንዳንድ ልጆች ላይ የቍርጥማት ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱም ሲደጋገም የልብን በሮች ያበላሻል። እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ደረጃ ሲወጣ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፥ ትንፋሹም ያጥረዋል።

ስለዚህ መምህር እንዲህ ያለውን ተማሪ «ሰነፍ» ብሎ ከመገሠጽና በግድ ከማስሮጥ ይልቅ ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ያድርግ። ትኩሳቱ የያዘው ልጅ ሐኪም ባዘዘው ቀን ሁሉ የፔኒሲሊን መርፌውን ካላቋረጠ፥ ትኩሳቱ እንዳይመለስና የልቡ ጉዳት እንዳይብስ ይረዳዋል።

መሣሪያው ለሌለው ሰው

ይህን መሣሪያ መግዛት ለብዙ ሰው አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የለንደን ቲኬት ቆራጮች የወጡት የአውቶቡሳቸውን ደረጃ ነበር። የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ደረጃ፥ ወይም በሰፈር ያለ ዳገት ለዚሁ ሥራ ይበቃል። በላይ የተነገረው ልክና አጨማመር በዚያም ላይ ይሠራል። ሲወርዱ ግን የደረጃውን መደገፊያ መያዝና አለመቸኮል ያስፈልጋል፤ መውደቅ የሚበዛው በመውረድ ጊዜ ነውና።

በጠቅላላው፥ ሳይመረመሩ አለመቸኮል፥ በጥቂት መጀመር፥ እየተናገሩ መውጣት፥ ቀስ ብሎ መጨረስና ምልክት ሲታይ ማቆም ዋናዎቹ ደንቦች ናቸው። በአንድ ቀን ብዙ ከመውጣት ይልቅ በየሳምንቱ ጥቂት እየወጡ ለዓመታት መቆየት ለልብ የበለጠ ይጠቅማል።