ቆሻሻ ተቀብሎ የሚከፈለው ግዛት፦ ለእኛ ለነጋዴዎች ምን ያስተምራል?

የዛሬው ጽሑፍ የቡናም የእህልም አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛው ነው። እኛ ዕቃ ሰጥተን ገንዘብ እንቀበላለን። ዕቃውንም ገንዘቡንም የሚቀበል ገበያ ደግሞ አለ፤ የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ማስወገጃ።

አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ባርንዌል የሚባል ቦታ አለ። ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ ይቀበርበታል፤ ከኑክሌር ማመንጫና ከላቦራቶሪ የሚወጣ ጓንት፣ ልብስ፣ ማጣሪያ የመሳሰለው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሰፈሬ ይምጣ ስለማይል ቦታዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አቅርቦት ጠባብ፣ ፈላጊ ብዙ ከሆነ ዋጋ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ግዛቱም በ1995 በአንድ ኪዩቢክ ጫማ 235 ዶላር ታክስ ጣለ። በሜትር ኪዩብ 8,300 ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ግንባታና ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ ተመደበ። ጥቅሙ እውነተኛ ነበር።

ግን ደንበኛ ዝም ብሎ አይከፍልም። ታክሱ በመጠን ስለነበር ቆሻሻውን በማሽን እየጨመቁ አሳነሱት። ቀለል ያለውን ደግሞ ዩታ ወዳለው ርካሽ ቦታ ጫኑት። ገቢው ከታሰበው በታች ሆነ፤ በጀቱ ግን በታሰበው ልክ ተይዟል። ከ2008 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ባርንዌል ከራሱ፣ ከኮነቲከትና ከኒው ጀርሲ ውጪ አይቀበልም።

ቴክሳስ ሌላ መንገድ ያዘች። አንድሩስ ካውንቲ ላለው ማስወገጃ የወጣው የመነሻ ሕግ ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ ለግዛቱ፣ 5 በመቶ ለካውንቲው ይላል። ቬርሞንትም ቆሻሻዋን እዚያ ለማስቀበር 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። በመቶኛ ሲሆን ዋጋ ሲወጣም ሲወርድም አብሮ መሄድ ነው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ቡና ተጭኖ ይሄዳል፤ ይሄ ዕቃ ግን እዚያው ይቀራል። ባርንዌል የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ትሪቲየም ገብቷል። ክፍያው የዛሬ ነው፣ ጥበቃው ግን የትውልድ። ስለዚህ ከገቢው ለጥበቃ የሚቀመጠው ሳይቀነስ "አተረፍን" ማለት አይቻልም።

ዩኒየኖች፣ መጋዘን ስታከራዩ ሒሳቡ በኩንታል ነው ወይስ በገቢ? ከመፈረማችሁ በፊት ይችን አስቧት። መልካም ገበያ!