ሠላሳ ስድስቱ ባለቅኔዎችና የተቆረጠው ጥቅልል
በጃፓን አገር ግጥምና ሥዕል አብረው እንዴት እንደኖሩ

ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው። በቶኪዮ ከተማ፥ ሺናጋዋ በሚባለው ሰፈር፥ በአንድ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ የአገሩ ታላላቅ ነጋዴዎችና የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ተሰብስበዋል። የመጡት ዕጣ ለመጣጣል ነው። ዕጣ የሚጣጣሉበትም ዕቃ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ፥ ሠላሳ ስድስት ባለቅኔዎች ከነግጥማቸው የተሣሉበት፥ እንደ ክታብ የሚጠቀለል ሁለት ረጃጅም ወረቀት ነበር። በዚያን ዕለት ጥቅልሉ ጥቅልል መሆኑ ቀርቶ፥ ሠላሳ ሰባት ቁራጭ ሆኖ ተከፋፈለ።

ለመሆኑ አንድ ሥዕል ይህን ያህል የሚያጓጓው፥ ተቆራርጦም እንኳ ዋጋው የማይወድቀው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት አንባቢ ከሥዕሉ አስቀድሞ ግጥሙን ማወቅ ያስፈልገዋል።

የጃፓኖች ጥንታዊ ግጥም እጅግ አጭር ነው። ዋካ የተባለው ዓይነት አምስት ሐረግ ብቻ አለው፤ ሐረጎቹም በተራ 5፥ 7፥ 5፥ 7 እና 7 ቀለም ይይዛሉ፤ ድምሩ 31 ነው። ካና የተባለው ፊደላቸው እንደ እኛው ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፥ ግጥሙ ልክ መሆኑን በጣት ቈጥሮ ማወቅ ይቻላል። በዚህች ጠባብ ቦታ ሁሉን መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ባለቅኔው ጥቂቱን ተናግሮ የቀረውን ለሰሚው ይተዋል። አንዳንድ ጊዜም እንደ ሰምና ወርቅ አንዱን ቃል ለሁለት ፍች ያውለዋል። ማትሱ የሚለው ቃል ጥድ ማለትም ነው፥ መጠበቅ ማለትም ነው። እንግዲህ ስለ ጥድ ዛፍ የተገጠመ የሚመስለው ግጥም፥ ወዳጅዋ እስኪመጣ የምትጠባበቅ የአንዲት ሴት ሐዘን ሊሆን ይችላል።

ይህ ግጥም የሚጻፈው በብሩሽና በጥቁር ቀለም ነው፤ ሥዕሉም የሚሣለው በዚያው ብሩሽ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ውበት ራሱ እንደ ሥዕል ይደነቃል። በዚህ ምክንያት በጃፓን ባለቅኔና ሠዓሊ እንደ አንድ ቤት ልጆች አብረው አደጉ።

ፉጂዋራ ኖ ኪንቶ የተባለው የቤተ መንግሥት ሰውና ባለቅኔ (966–1041)፥ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ገጣሚዎች ሠላሳ ስድስቱን መረጠ፤ ከነዚህ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ከጊዜ በኋላም የነዚህን ሰዎች መልክ ከግጥማቸው ጋር አድርጎ መሣል ልማድ ሆነ። ከዚህ ዓይነት ሥራ እጅግ የታወቀው በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራውና፥ ኋላ ባለቤቶቹ በነበሩት በሳታኬ መሳፍንት ስም የሚጠራው ጥቅልል ነው። በዚህ ጥቅልል ላይ ለእያንዳንዱ ባለቅኔ ስሙ፥ አጭር የሕይወት ታሪኩ፥ አንድ ግጥሙና መልኩ ተሰጥቶታል።

ሠዓሊው እነዚህን ሰዎች በዓይኑ አላያቸውም፤ ከእርሱ ዘመን ብዙ ቀድመው የሞቱ ናቸው። የነበረው ግጥማቸውና ዝናቸው ብቻ ነው። ሥዕሉን የተመለከተ ሰው አስቀድሞ የሚያስደንቀው ነገር የወረቀቱ ባዶነት ነው። ባለቅኔው ተቀምጧል፤ በዙሪያው ግን ተራራም ወንዝም ቤትም የለም ለማለት ይቻላል። ጨረቃውና የሚረግፈው አበባ በግጥሙ ውስጥ ስላሉ፥ ሠዓሊው ደግሞ መሣል አላስፈለገውም። ኦኖ ኖ ኮማቺ በቍንጅናዋ ስሟ የተጠራ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ፊቷ አይታይም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ረጅም ጠጕሯን ለቃ ተቀምጣለች። ቍንጅናዋን እንዲገምት ለተመልካቹ ተተወለት። ሠዓሊው የግጥሙን ጠባይ ወርሶ፥ ከፊሉን ሣለ፥ ከፊሉን ዝም አለ።

እየቆየም ግጥሙ በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ በሥዕሉ ውስጥ የሚነበብበት ጊዜ መጣ። በ10ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው የኢሴ ተረቶች በተባለው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። ከዋና ከተማው ርቀው ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ መንገደኞች ስምንት ድልድይ ከሚባል ረግረግ ደርሰው፥ በውኃው ዳር ካኪትሱባታ የተባለ ሰማያዊ አበባ አዩ። ከመካከላቸው አንዱ፥ የአምስቱ ሐረጎች መነሻ ፊደል ሲገጣጠም የአበባው ስም እንዲሆን አድርጎ፥ በአገሩ ትቷት ስለመጣት ሚስቱ ገጠመ። ጓደኞቹም ስንቃቸው የነበረው ደረቅ ሩዝ በእንባቸው እስኪርስ ድረስ አለቀሱ ይላል። ኦጋታ ኮሪን (1658–1716) የተባለው የኪዮቶ ሠዓሊ ይህን አበባ ባለ ስድስት እጥፍ በሆኑ ሁለት መከለያዎች ላይ፥ በወርቅ መደብ ላይ ሣለው። ሰው የለም፤ ድልድይ የለም፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተጻፈም። ሆኖም ታሪኩን የሚያውቅ ጃፓናዊ በአበባው ፊት ሲቆም ሚስቱ የናፈቀችውን መንገደኛ ያስታውሳል። ይህ ሥራ ዛሬ በቶኪዮ በኔዙ ሙዚየም ይገኛል።

ሌላው ምሳሌ ዮሳ ቡሶን (1716–1784) ነው። እርሱ ሥዕል እየሸጠ የሚተዳደር፥ 17 ቀለም ብቻ ያለውን አጭሩን ግጥም ደግሞ የሚገጥም ሰው ነበር። ታላቁ ባለቅኔ ማትሱኦ ባሾ በ1689 በእግሩ ወደ ሰሜን ተጉዞ የጻፈውን የመንገድ ማስታወሻ፥ ቡሶን በ1770ዎቹ መጨረሻ በገዛ እጁ ደጋግሞ ገልብጦ በየመካከሉ ሥዕል አገባበት። ግጥምና ሥዕል አንድ ላይ የሚቀመጡበት ይህ ዓይነት ሥራ ሃይጋ ይባላል። በሃይጋ ጥሩ የሚባለው ሠዓሊ ግጥሙ የተናገረውን መልሶ የማይናገር ነው፤ ግጥሙ ስለ ዝናብ ቢያወራ፥ እርሱ ባርኔጣውን የደፋ መንገደኛ ብቻ ይሥላል።

አሁን ወደ ተቆረጠው ጥቅልል እንመለስ። የሳታኬ ቤተ ሰብ በ1917 ጥቅልሉን በ353,000 የን ሸጠው። የገዛውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመርከብ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ንግዱ ስለ ተበላሸበት መልሶ ሊሸጠው ፈለገ፤ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ግን ብቻውን የሚገዛ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ማሱዳ ታካሺ የተባሉት የ71 ዓመት ታላቅ ነጋዴ ጥቅልሉ ተቆርጦ በዕጣ እንዲከፋፈል አደረጉ፤ የተሰበሰቡትም በእርሳቸው ግቢ ነው። ሠላሳ ስድስቱ ባለቅኔዎች ለየብቻ ሆኑ፤ የግጥም ጠባቂ ተብሎ የሚከበረው የሱሚዮሺ መቅደስ ሥዕል ሠላሳ ሰባተኛ ሆነ።

ሁሉም የተመኙት ከመጋረጃ ኋላ አንገታቸውን ደፍተው የተሣሉትን ባለቅኔዪቱን ልዕልት፥ ሳይጉ ኖ ኒዮጎን ነበር፤ ዋጋቸውም 40,000 የን ነበረ። ማሱዳ ግን የደረሳቸው የአንድ መነኵሴ ሥዕል ስለሆነ ፊታቸው ጠቈረ፤ ልዕልቲቱ የደረሱት ሰውም ይህን አይቶ ዕጣውን ለወጠላቸው ተብሎ ይነገራል።

ይህ ሥራ ማዳን ነው ወይስ ማጥፋት? ለማዳን የሚከራከር ሰው፥ እያንዳንዱ ቁራጭ ሙሉ ግጥምና ሙሉ ሰው ይዟልና አልተጐዳም ይል ይሆናል። በእርግጥም ቁራጮቹ በጥንታዊ ጨርቅ ተከፍፈው በሻይ ሥርዓት ጊዜ በግድግዳ ላይ ለብቻቸው ሲሰቀሉ ያምራሉ። ነገር ግን ሠላሳ ስድስቱ የተደረደሩት እንደ ግጥም ውድድር ነበር፤ በአንዱ ጥቅል አሥራ ስምንት የግራ ወገን፥ በሌላው አሥራ ስምንት የቀኝ ወገን። ከተቆረጠ በኋላ ገጣሚው አንድ ቤት፥ ተፎካካሪው ሌላ ቤት ሆነ፤ የአንዱን ግጥም ሰምቶ የሚመልስለት ጠፋ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2019፥ የኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም የተበተኑትን ቁራጮች ከየባለቤቶቻቸው ለምኖ ከሠላሳ ሰባቱ ሠላሳ አንዱን ለትርኢት አቀረበ። ስድስቱ አልመጡም። ትርኢቱ ሲዘጋም የመጡት ሁሉ ተጠቅልለው ወደየቤታቸው ተመለሱ።